ጂማ ላይ የቆየውን የአውሮፕላን ጂፒኤስ መቀየር ያዋጣል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጂማ ነው የምሠራው፤ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን ነኝ። የምንይዛት ሴስና 206 ላይ የቆየው ጋርሚን ጂኤንኤስ 430 አለ። ደብልዩ የሚል ፊደል የሌለው፣ የመጀመሪያው ማለቴ ነው። አልፎ አልፎ ‹ሬይም የለም›፣ ማለትም ራሴን መመርመር አልቻልኩም፣ የሚል መልእክት ያወጣል። ስክሪኑም እየደበዘዘ ነው። አንድ ሻጭ መጥቶ ‹ዋስ (WAAS፣ የጂፒኤስን ስህተት በሳተላይት የሚያርመው አገልግሎት) ወዳለው ከቀየራችሁት፣ ክረምት ላይ ደመናው ምንም ዝቅ ቢል ጂማ ላይ እስከ 200 ጫማ ወርዳችሁ ታርፋላችሁ› አለን። አለቆቼ ሊገዙ ነው። እውነት ነው? ያዋጣል?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ቀይሩት፤ ያዋጣል። ግን ሻጩ በነገራችሁ ምክንያት አይደለም። ጂማ ላይ በዋስ 200 ጫማ መውረድ የሚባል ነገር ዛሬ የለም። መሣሪያው ውድ ቢሆንም፣ ገጠማው ምንም ቢያምር የለም። አለቆችህ ገንዘቡን ሳያወጡ ይህን ማወቅ አለባቸው። አብራሪዎቻችሁ ደግሞ ከአለቆችህም በላይ ማወቅ አለባቸው። ሐምሌ ላይ ደመና ውስጥ ሆነው ልውረድ ወይስ ልመለስ ብለው የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ረዘም ይላል፤ ግን ነገሩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ታገሰኝ።

መጀመሪያ አሁን በእጃችሁ ያለውን እንየው። ጂኤንኤስ 430 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በጊዜው ድንቅ ዕቃ ነበር። ሬዲዮውን፣ ቪኦአሩን (ከምድር ጣቢያ አቅጣጫ የሚቀበለውን)፣ አይኤልኤሱን (ለማረፍ የሚመራውን) እና ጂፒኤሱን በአንድ ሳጥን አጠቃሎ ያዘ። ጂፒኤሱ የተፈቀደው ቲኤስኦ ሲ129 በሚባለው መስፈርት ነው። ይህ መስፈርት የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሉን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባ በነበረበት ዘመን ነው። ማዛባቱ የቆመው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000 ነው። በሲ129 ጊዜ የተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ግን ዛሬም ስሌታቸውን የሚሠሩት ያ መዛባት እንዳለ ቆጥረው ነው። ስለዚህ ሲግናሉ ደህና ሆኖ ሳለ «እርግጠኛ አይደለሁም» ይላሉ።

ሬይም የሚባለው ይህ ነው። መሣሪያው ራሱን በራሱ የሚመረምርበት ዘዴ ነው። ያለህበትን ቦታ ለማስላት 4 ሳተላይት ይበቃል። ከሳተላይቶቹ አንዱ እየዋሸ መሆኑን ለማወቅ ግን ቢያንስ 5 ያስፈልጋል። የሚዋሸው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ከስሌት ለማውጣት ደግሞ 6። ሳተላይቶቹ ሰማዩ ላይ በደንብ ተበታትነው መቀመጥም አለባቸው። ቁጥሩ ወይም አቀማመጡ ሳይመች ሲቀር መሣሪያው ራሱን መመርመር አይችልም። ያኔ ነው ያ መልእክት የሚወጣው። ቦታህን አላወቀም ማለት አይደለም። ቦታውን ቢሳሳት ሊነግርህ አይችልም ማለት ነው።

ዋስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጂማ ሆነህ ለማስረዳት ከቡና ገበያ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። አንድ ኪሎ መሆኑ የተረጋገጠ የብረት መመዘኛ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለህ። ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ ሃምሳ ግራም ጎድሎ ካሳየ፣ ስህተቱ የሚዛኑ እንደሆነና ልኩም ስንት እንደሆነ ወዲያው ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ የምትመዝነውን ቡና ሁሉ በዚያ ልክ ታርማለህ። የዋስ ምድር ጣቢያዎችም እንዲሁ ናቸው። የቆሙበት ቦታ በሴንቲሜትር ደረጃ ይታወቃል። ጂፒኤሱ ከዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚስት ሌት ተቀን ይለካሉ። እርማቱ ወደ ማዕከል ይሄዳል። ከማዕከሉ ከምድር ወገብ በላይ ወደቆመ ሳተላይት ይላካል። ሳተላይቱ ወደ አውሮፕላኑ ያስተላልፈዋል። እርማት ብቻም አይደለም። «ይህን ሳተላይት አትመን» የሚል ማስጠንቀቂያም በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። 200 ጫማ ድረስ መውረድ የሚያስችለው ይህ ነው፤ ኤልፒቪ ይባላል።

እንግዲህ ቁልፉ የምድር ጣቢያው ነው። ጣቢያ በሌለበት አገር እርማት የለም።

ዋስ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ጀመረ። ጣቢያዎቹ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ውስጥ ናቸው። አውሮፓ ኢግኖስ የሚባል አላት፤ ለአቪዬሽን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሕንድ ጋጋን አላት። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም የየራሳቸው አላቸው። በአፍሪካ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮችን የሚያገለግለው አሴክና የተባለው የአየር ጉዞ አገልግሎት ድርጅት የራሱን ለመዘርጋት እየሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም በናይጄሪያ ሳተላይት በኩል የሙከራ ሲግናል አስተላልፏል። ኢትዮጵያ የአሴክና አባል አይደለችም። ጂማን የሚሸፍን፣ ለማረፊያ የተፈቀደ የእርማት አገልግሎት የለም። ሻጩ የነገራችሁ ነገር ቴክሳስ ውስጥ እውነት ነው። ጂማ ላይ አይደለም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርህ። አዲሱን መሣሪያ ገጥማችሁ ሜዳ ላይ ስታበሩት፣ የሳተላይቶች ገጽ ላይ ከተለመዱት የጂፒኤስ ቁጥሮች ወጣ ያለ ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ። 123 ወይም 127 ወይም 128 ይል ይሆናል። 123 የአውሮፓው ነው። 127 እና 128 የሕንዱ ናቸው። እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆመዋል። የሚያዩት የምድር ገጽ ሰፊ ነው። ጂሳት 8 የሚባለው የሕንዱ ሳተላይት የቆመው 55 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ጂማ ከ37 ዲግሪ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ ከጂማ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሲግናሉም ጥርት ብሎ ይመጣል።

ያኔ ሰው «ይኸው ሠራ!» ይላል። አልሠራም። ሲግናሉ ደረሰ እንጂ እርማቱ የተሰላው ለሕንድ ሰማይ ነው። በተለይ የአዮኖስፌር እርማቱ የአገልግሎት ክልሉን እንጂ የኛን ሰማይ አይሸፍንም። መሣሪያው ይህን ያውቃል። ኤልፒቪ አይሰጥም፤ ኤልናቭ ብሎ ይጽፋል፤ ግራና ቀኙን ብቻ እንጂ የቁልቁለቱን መስመር አልመራህም ማለቱ ነው። የሚሳሳተው ሰው ነው። የሳተላይቱን ምልክት አይቶ አገልግሎቱ ያለ የሚመስለው ሰው። ይህን ለአብራሪዎቹ ቁጭ ብለህ አስረዳ። ግድግዳ ላይ ለጥፈህ አትተወው፤ በአፍህ ንገራቸው።

አዮኖስፌርን ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት። የኛን አገር ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

አዮኖስፌር ማለት ከላያችን ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ የሚዘረጋ፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ክፍል ነው። የጂፒኤስ ሲግናል ሲያልፍበት ይዘገያል። መዘግየቱ በሜትር የሚቆጠር ስህተት ይሆናል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ይህን በግምት ነው የሚያርመው። ከጂፒኤስ ጋር የሚተላለፈው የግምት ቀመር ከስህተቱ ግማሽ ያህሉን ያነሳል። የቀረው ይቀራል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ደግሞ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ ይረበሻል። አረፋ የሚመስሉ ባዶ ቦታዎች ይፈጠሩበታል። ሲግናሉ በእነሱ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ አንዳንዴም መሣሪያው ሳተላይቱን ጭራሽ ያጣዋል። ይህ የሚብሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ከወራት ደግሞ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ቀንና ሌሊቱ እኩል በሚሆንበት ሰሞን። ፀሐይዋ ራሷ ንቁ በምትሆንባቸው ዓመታት የበለጠ ይከፋል።

የእርማት አገልግሎቱ እዚህ አካባቢ ለመዘርጋት የሚከብድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የዛሬዎቹ አገልግሎቶች የሚሠሩት ኤል1 በሚባለው በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ ነው። ቀጣዩ ትውልድ ኤል5ን፣ 1176.45 ሜጋኸርዝን ይጨምራል። ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች በአዮኖስፌር ውስጥ የሚዘገዩት በተለያየ መጠን ነው። መሣሪያው ልዩነቱን ለክቶ አብዛኛውን ስህተት ራሱ ያወጣዋል፤ ግምት አያስፈልገውም። ለኛ ሰማይ እውነተኛው መፍትሔ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ለሴስና 206 ዓይነት አውሮፕላን ተፈቅዶ፣ ታትሞ፣ መደብር ላይ የተቀመጠ ነገር አድርገህ አትጠብቀው። እሱን እየጠበቃችሁ በደበዘዘ ስክሪን አትብረሩ።

ወደ ሬይም መልእክታችሁ ልመለስ። መቼ እንደሚወጣ አልነገርከኝም። ወሳኙ ጥያቄ እሱ ነው። 206ቷ የምትበረው በቀን ነው ብዬ ልገምት። ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒ፣ ወደ ጋምቤላ። እንግዲያስ መልእክቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚወጣ ከሆነ በአዮኖስፌር አታሳብበው። አንተው ጋ ያለ ነገር ነው የሚሆነው። አንቴናው ነው፣ ገመዱ ነው፣ ወይም የራሳችሁ ሬዲዮ ነው።

ሬዲዮ ያልኩት በምክንያት ነው። ይህን ሙከራ ዛሬውኑ መሥራት ትችላለህ። ገንዘብ አይጠይቅም። አውሮፕላኗን ከሃንጋር አውጣ፤ ሰማዩ ክፍት የሆነበት ቦታ አቁማት። ጂፒኤሱ ሳተላይቶቹን ሁሉ ይያዝ። አስቀድመህ ታወሩን አሳውቅ፤ 121.5 ሜጋኸርዝ የአደጋ ጥሪ ስለሆነ ከእሱ ራቅ። ከዚያ ኮም 1ን፣ የመጀመሪያውን የመነጋገሪያ ሬዲዮ፣ 121.150 ላይ አድርገህ ማስተላለፊያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫን። የሳተላይቶቹን አሞሌዎች እያየህ። በ121.175 እና በ121.200 ድገመው። ቀጥለህ 131.250፣ 131.275 እና 131.300 ሞክር። ኮም 2 ካላችሁም እንዲሁ። አሞሌዎቹ ከወደቁ ወንጀለኛውን አገኘኸው። ለምን እነዚህ ቁጥሮች? 121.175ን በ13 አባዛው፤ 1575.275 ይመጣል። 131.275ን በ12 አባዛው፤ 1575.3 ይመጣል። ሁለቱም ጂፒኤሱ የሚያዳምጥበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሬዲዮው ጥቂት እንኳ ካፈሰሰ የሳተላይቱን ደካማ ሲግናል ይውጠዋል።

አንዳንዴ የሚያፈሰው ሬዲዮው ራሱ አይሆንም። የአደጋ ጊዜ ጠቋሚው፣ ኢኤልቲው ነው። የሬዲዮውን ሲግናል በአንቴናው ተቀብሎ አበላሽቶ መልሶ ይረጫል። የኢኤልቲውን አንቴና ገመድ ለጊዜው ንቀልና ሙከራውን ድገም። ከጠፋ እሱ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ትንሽ ማጣሪያ መግጠም ወይም አንቴናዎቹን ማራራቅ ነው። ገመዱን መመለስ ደግሞ እንዳትረሳ። በሥራ መዝገቡ ላይ ጻፈው፤ ሌላ ሰው ያረጋግጥልህ።

ይህን ሳትሠሩ አዲስ መሣሪያ ብትገዙ ችግሩ አብሯችሁ ይኖራል። አዲሱም ያንኑ የተመረዘ ሲግናል ነው የሚቀበለው።

እሺ፣ ያ ሁሉ ተጣርቶ አዲስ ስትገጥሙ ምን ታገኛላችሁ? ብዙ ነገር።

አዲሶቹ የሚሠሩት በሲ146 መስፈርት ነው። ያ የድሮ መዛባት ዛሬ እንደሌለ ያውቃሉ። ስለዚህ ያው ሰማይ፣ ያው ሳተላይት ሆኖ፣ ራሳቸውን መመርመር የሚያቅታቸው ጊዜ በጣም ያንሳል። የምድር እርማት ባይኖርም እንኳ። የሚዋሸውን ሳተላይት ለይቶ ማውጣትም በመስፈርቱ ግዴታ ነው። በድሮው ግዴታ አልነበረም። እኔ ለጂማ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው እላለሁ። ከጂማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትወጡ ከታች ጫካ ነው፤ ተራራና ገደል ነው። በቅርብ የሚረዳ የሬዲዮ ጣቢያ እንደ ልብ አይገኝም። መሣሪያው ሲሳሳት ራሱ መናገሩ፣ ከተቻለም ስህተቱን አውጥቶ መቀጠሉ፣ ከ200 ጫማው ወሬ ሁሉ ይበልጣል።

ቦታውን በሰከንድ 5 ጊዜ ያድሳል፤ የድሮው አንድ ጊዜ ነው። ኦቶፓይለት ካላችሁ አውሮፕላኗ መስመሯን ስትከተል ለስለስ ትላለች። በረጅም ጉዞ ላይ ከመስመር መውጣትን የሚያሳየው መርፌ ሙሉ መዛነፍ በድሮው 5 ኖቲካል ማይል ነበር። በአዲሱ 2 ነው። አብራሪዎቹ መጀመሪያ ላይ «መርፌው ቀበጠ» ይላሉ። አልቀበጠም። አውሮፕላኗ ድሮም ትዛነፍ ነበር፤ አሁን ቀድሞ ታያቸው ማለት ነው። ኤዲኤስ ቢ (የአውሮፕላኗን ቦታ በሬዲዮ የሚያሰራጨውን) ለመግጠም ካሰባችሁም የድሮው 430 የሚፈለገውን የጥራት መረጃ አብሮ አይልክም። አዲሱ ይልካል።

የማረፊያ ዝቅተኛ ከፍታችሁ ግን አይለወጥም። በድሮው ኤልናቭ ነበር፤ በአዲሱም ኤልናቭ ነው። የሚያዘው በኢትዮጵያ የታተመው የአፕሮች (ለማረፍ የመቅረቢያ) ካርታ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ጂማ ከባሕር ወለል ከ5,500 ጫማ በላይ ናት፤ ዙሪያዋም ኮረብታ ነው። ያ ቁጥር የተሰላው ኮረብታዎቹ ታይተው ነው።

የትኛውን እንግዛ ካልከኝ፣ ሻጭ ስላልሆንኩ በነፃነት እናገራለሁ። የራሳችሁን 430 ዋስ ወዳለው ወደ 430 ደብልዩ የማሳደጉ መንገድ ተዘግቷል። ጋርሚን እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ሳጥኑን እየተቀበለ ይቀይር ነበር፤ ያ አገልግሎት ቆሟል። ያገለገለ 430 ደብልዩ ከገበያ ይገኛል፤ ዋጋውም ያጓጓል። እኔ አልገዛውም። ስክሪኑ ያው የዛ ዘመን ስክሪን ነው። የመለዋወጫው ነገር በየዓመቱ እየጠበበ ነው። አንዴ ቢበላሽ ከጂማ ተጭኖ፣ ውጭ አገር ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ እስኪመለስ አውሮፕላኗ ሥራ ፈት ትቆማለች።

የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንዱ አቪዳይን አይኤፍዲ 440 ነው። የተሠራው የ430 ደብልዩ ሳጥን በወጣበት ማቀፊያ ላይ እንዲገባ ተብሎ ነው። ሻጮች «አውጥተህ ማስገባት ነው» ይሉሃል። ደብልዩ ለነበረው ሰው እውነት ነው። የእናንተ ደብልዩ ስላልሆነ አንቴናውና ገመዱ የግድ ይቀየራሉ። ሁለተኛው የጋርሚን ጂቲኤን 650 ኤክስአይ ነው። ማቀፊያውም፣ ሽቦውም፣ አንቴናውም አዲስ ነው። ሥራው ይበዛል፤ ግን ሲያልቅ ሁሉ ነገር አዲስ ነው። ዕቃው ብቻ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ገጠማው ሲጨመር የበለጠ ይወጣል። ዶላሩን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ አለቆችህ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔን ብትጠይቀኝ የምመርጠው አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በቅርብ የሚደርስበትን ነው። የስክሪኑ ውበት አይግዛችሁ። ቢበላሽ ማን ይመጣል? በስንት ቀን? ሻጩን ይህን ጠይቁትና በጽሑፍ ይመልስ።

ወረቀቱም አለ። አውሮፕላኗ ኢቲ ምዝገባ ካላት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳያጸድቅ አንድ ሽቦ አትነቀልም። አምራቾቹ ኤስቲሲ የሚባል የለውጥ ፈቃድ አላቸው፤ ከእሱ ጋር የተፈቀዱ ሞዴሎች ዝርዝር ይመጣል። ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የእናንተ 206 ልዩ ሞዴል ፊደል፣ ጂ ይሁን ኤች፣ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን በዓይንህ እይ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ጭነት ስሌት፣ አዲስ የክብደትና ሚዛን ወረቀት፣ ለበረራ መመሪያው ተጨማሪ ገጾች ያስፈልጋሉ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ኮክፒት ውስጥ ካልተቀመጡ ገጠማው አላለቀም።

ስለ አንቴናው አደራ የምልህ ነገር አለ። ሰው ገንዘቡን ስክሪኑ ላይ አፍስሶ አንቴናው ላይ ይቆጥባል። የድሮው 430 አንቴና ለአዲሱ አይሆንም። ገመዱም አርጂ 58 ከሆነ ይውጣ፤ አርጂ 400 ይግባ። ገመዱ ከልክ በላይ ቢረዝምም ከልክ በታች ቢያጥርም ችግር ነው፤ የገጠማ መመሪያው የሚፈቅደውን የሲግናል ብክነት ያስቀምጣል። ትርፉን ገመድ ጠምጥመህ ጣሪያ ውስጥ አትሸጉጠው። አንቴናው ከሬዲዮ አንቴናዎቹ ይራቅ። ክንፍ ወይም ጭራ አይጋርደው። የሚያርፍበትን ቆርቆሮ ቀለሙን ፋቅ፤ ብረት ለብረት ይገናኝ። በኋላ በደንብ አሽገው። የጂማን ዝናብ አንተ ታውቀዋለህ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ውሃ መግቢያ ሲፈልግ ይኖራል። ገመድ ጫፍ ላይ የገባች ጠብታ ውሃ ቆይታ አረንጓዴ ዝገት ትሆናለች። ያኔ ሬይም የለም የሚለው መልእክት ተመልሶ ይመጣል።

ዳታቤዙ በየ28 ቀኑ ይታደሳል። አፍሪካን የሚሸፍነውን እንጂ የአሜሪካውን አትግዙ፤ ሲያገለግሉ ከነበሩ ዕቃዎች ጋር እሱ ይመጣል። ከዳታቤዙ ውጭ የሆኑ የሣር ሜዳዎችን ራሳችሁ የምታስገቡ ከሆነ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችሁት ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ የመሬት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። ጂፒኤሱ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ፣ ደብልዩጂኤስ 84ን ነው። ካርታ ላይ ያነበብከውን ሳትለውጥ ብታስገባ ሜዳው ከመቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ይላል። በሸለቆ ውስጥ መቶ ሜትር ብዙ ነው። የሚሻለው ሜዳው ላይ ቆሞ በራሱ በጂፒኤስ መለካት ነው።

አብራሪዎቹ «ስልኬ እኮ ከዚህ ሁሉ በላይ ይይዛል» ማለታቸው አይቀርም። ልክ ናቸው፤ ስልኩ ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን፣ የአውሮፓውንና የቻይናውን ሳተላይቶችም ያዳምጣል። ጥሩ ቀን ላይ ቦታውን በደንብ ያሳያል። ችግሩ መጥፎ ቀን ላይ ነው። ስልክ ሲሳሳት በአቪዬሽን ደረጃ የሚያስጠነቅቅበት ዘዴ የለውም። ያው ሰማያዊ ነጥብ ያው ቦታ ላይ በልበ ሙሉነት ይቀመጣል። ለካርታ ማያ ይጠቀሙበት። ደመና ውስጥ ለመውረድ አይጠቀሙበት። ቪኦአሩንም አትንቀሉት። ጂፒኤስን ማወክና ማታለል በመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ የተለመደ ሆኗል። ምድር ላይ የቆመ ጣቢያ የሚሰጥህ አቅጣጫ በዚህ አይነካም።

ገጠማው ሲያልቅ የሬዲዮውን ሙከራ ከላይ እንዳልኩህ እንደገና ሥራ። ከዚያ አየሩ ጥሩ በሆነበት ቀን አብራሪው አፕሮቹን ዓይኑ ውጭ እያየ ይሞክረው። ስክሪኑ ላይ ኤልናቭ ሲጻፍ አብረህ አሳየው። የበረራ ዕቅድ ሲያወጡም የሬይም ትንበያውን ማየት አይተዉ። የምድር እርማት በሌለበት አካባቢ አዲሱም መሣሪያ ቢሆን ትንበያው ያስፈልገዋል።

ለአለቆችህ የሚከተለውን ጥያቄ ወደ ሻጩ እንዲልኩ ንገራቸው፦ «ጂማ ላይ ኤልፒቪ የሚሰጠው የትኛው የእርማት አገልግሎት ነው? የታተመው የአፕሮች ካርታስ የትኛው ነው?» መልሱ ሲመጣ ላክልኝ። መልእክቱ የሚወጣበትን ሰዓት፣ የ206ቷን ሞዴል ፊደልና የአንቴናውን ፎቶም ጨምርበት። ገመዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ግዢው እስኪደርስ ድረስ በድሮው የምትቀጥሉበትን መንገድ አሳይሃለሁ።